ዲግሪ፣ ደቂቃ፣ ሰኮንድ፦ የመቃብራችን ካርታ እንዴት ተሠራ

ከባለፈው ዝናብ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜትርና ገመድ ይዘን ከልጆቻችሁ ጋር ወደ መቃብሩ ስንወጣ ያያችሁን ብዙዎች “ምን እየለካችሁ ነው?” ስትሉን ከርማችኋል። አንዳንዱም “ቦታው ሊወሰድ ነው እንዴ?” ብሎ ሰግቷል። አይደለም። የላከን ቢሮ የለም፤ ሥራው የኛው ነው። ለዚህ ነው ዛሬ በዚህች ጋዜጣችን ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት የፈለግነው።

እንደሚታወቀው የካኩማ ካምፕ ከተቋቋመ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ሰው መጥቶ ብዙ ሰው ሄዷል። የሄደውም ሁሉ በአውሮፕላን አልሄደም። ከኛ መካከል ፕሮሰሱ ያለቀለት ሰው የበረራ ቀኑን ሲሰማ ከሻንጣው ይልቅ የሚያስጨንቀው እዚህ ትቶት የሚሄደው መቃብር ነው። “የልጆቼን አባት ለማን ልተወው? እንጨቱን ምስጥ ጨርሶታል፤ ላጋው በሞላ ቁጥር አፈሩ ይሄዳል። ነገ ልጆቹ አድገው ቢመጡ በምን ያገኙታል?” የሚሉ እናቶች ትምህርት ቤት ድረስ መጥተውብናል። መምህር ናችሁና ታውቃላችሁ ብለው ነው እኮ! እኛ ግን የምናውቀው በማሠልጠኛ ተቋም የተማርነውን ጂኦግራፊ ነበር።

ደግነቱ የኮምፒውተር ሥዕል የሚማሩ ልጆች አሉን። የሚያስተምራቸውም እዚሁ እንደኛው ስደተኛ የሆነ የቀያሽነት ሙያ ያለው ወንድማችን ነው። የሚሠሩበት ፕሮግራም ሲቪል 3ዲ ይባላል፤ መንገድና የውሃ መስመር የሚነደፍበት ነው። ለመቃብር ተብሎ አልተሠራም፣ ሆኖም ነጥብ ነጥብ ነው። የቦኖ ውሃም ሆነ የአባት መቃብር፣ ፕሮግራሙ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት መስቀለኛ ምልክት ያስቀምጣቸዋል።

ለማያውቁት ጥቂት እንበል። ኬክሮስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ፣ ኬንትሮስ ደግሞ ከግሪንዊች ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደራቅን ይነግረናል። (ባሕረ ሐሳብ የተማሩ አባቶች ኬክሮስን በሌላ ሥራው ያውቁታል፤ በዚያ ቆጠራ አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ነው። ካርታውም ላይ የስልሳ ነገር አይቀርም፤ አንዱ ዲግሪ 60 ደቂቃ፣ አንዱ ደቂቃ 60 ሰኮንድ ነው።) ካኩማ በ3 ዲግሪ ከ43 ደቂቃ ሰሜንና በ34 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ ምሥራቅ አካባቢ ትገኛለች። አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ደቂቃ ከ1 ኪሎ ሜትር ከ800 ሜትር በላይ፣ አንድ ሰኮንድ ደግሞ ወደ 31 ሜትር። እንግዲህ አስቡት፤ በሁለት መቃብር መካከል ያለው ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። ዲግሪና ደቂቃ ብቻ የጻፈ ሰው ካምፑን እንጂ ሰውየውን አላመለከተም።

በሥዕላችን ሲቪል 3ዲ የሚሠራው በሜትር ነው። ነጥብ ሲገባለት ወደ ሰሜን ይህን ያህል ሜትር፣ ወደ ምሥራቅ ይህን ያህል ሜትር ብሎ ይይዛል። በካኩማ ሰሜኑ ወደ 411 ሺህ፣ ምሥራቁ ወደ 707 ሺህ ይሆናል። ከዚያ ወደ ኬክሮስና ኬንትሮስ ቀይሮ ከነጥቡ አጠገብ እንዲጽፍ ከተፈለገ አስቀድሞ ሥዕሉ በየትኛው የምድር ክፍል እንዳለ ሊነገረው ይገባል። በሥዕሉ ማስተካከያ ውስጥ “ዩኒትስ ኤንድ ዞን” የሚል ገጽ አለ፤ እዚያ ዞኑ ይመረጣል። ቀጥሎ የነጥቡ ጽሑፍ ስታይል ይከፈትና “ላቲቱድ” እና “ሎንጊቱድ” የሚሉት ከዝርዝሩ ተመርጠው ይጨመራሉ። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ችግሩም እዚሁ ነው።

አንዱ ጎበዝ ተማሪ ዞን 37ን መረጠ። አይፈረድበትም፤ አዲስ አበባን ጨምሮ የአገራችን ብዙው ክፍል በዞን 37 ስለሚወድቅ ከቤት የመጣው ማስተማሪያ ሁሉ 37 ይላል። ካኩማ ግን ከ30 እስከ 36 ዲግሪ ባለው በዞን 36 ውስጥ ናት። ሥዕሉ ምንም አልሆነም፤ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ አጥሩ የተዘጋ፣ ረድፉ ያማረ ነው። የተበላሸው ጽሑፉ ብቻ ነው፤ 34 የነበረው 40 ሆነ። ሙታኖቻችን በሙሉ ከ660 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ወደ ማንዴራ በኩል ሄዱ! ሌላ ቀን ደግሞ ሰሜኑና ምሥራቁ ተገላብጦ ገባና ደቡብ ሱዳን፣ ከቦር ከተማ በስተ ምሥራቅ አረፉ። የክፍሉ ደቡብ ሱዳናውያን “እንኳን ደህና መጡ” ብለው ሳቁ። እኛም ሳቅን፤ ግን ያ ወረቀት ታትሞ በአንዲት እናት ሻንጣ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ማን ያርመው ነበር?

ስሞቹም አስቸግረዋል። በአማርኛ የጻፍናቸው ስሞች በሙሉ በሥዕሉ ላይ የጥያቄ ምልክት ሆነው ወጡ። ፕሮግራሙ የለመደው ፊደል የኛን ስለማያውቅ ነው። የጽሑፉ ስታይል ወደ ኒያላ ሲቀየር ስሞቹ ተመለሱ።

ትልቁ ክርክራችን ግን ስለ ነጥብ በኋላ ስለሚጻፉት አሃዞች ነበር። ልጆቹ በሰኮንዱ ላይ አራት አሃዝ መጨመር ፈለጉ፤ ፕሮግራሙ ይፈቅዳል፣ ሲታይም ያምራል። የሰኮንድ አንድ አሥር ሺህኛ ማለት ግን 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ የስንዴ ፍሬ ወርድ። በእጅ የምንይዛት ጂፒኤስ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ባለበት እንኳ ጥቂት ሜትር ትስታለች። (እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስማ አሜሪካኖቹ ሆን ብለው ያዛቡት ስለነበር እስከ 100 ሜትር ይስት ነበር፤ ከዚያ በፊት የተያዘ ቁጥር ያላችሁ አትመኑት።) እንግዲህ ያላወቅነውን ያወቅን አስመስሎ መጻፍ በኛ ዘንድ ውሸት ነው፤ በሟች ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ቀያሹ ወንድማችን የመከረንን አደረግን። በአጥሩ ማዕዘን አንድ የሲሚንቶ ችካል ተከልን፤ በተለያየ ቀን ደጋግመን በጂፒኤስ አንብበን አማካዩን ያዝን። ከችካሉ ወደ እያንዳንዱ መቃብር ያለውን ግን በሜትር ለካን። ቀኝ ማዕዘኑን ያወጣነው ክፍል ውስጥ በምናስተምረው በ3፣ 4፣ 5 ገመድ ነው፤ ተማሪዎቻችን “ለካ ይሄ ነገር ይሠራል!” አሉ። ችካሉ ራሱ ሁለት ሦስት ሜትር ቢስት እንኳ ፈላጊው እሱን ካገኘ በኋላ መቃብሩን አይስትም። በካርታው ላይ ዲግሪው የተጻፈው ለችካሉ ብቻ ነው። ለመቃብሩ ስም፣ ረድፍና ከችካሉ ያለው ርቀት ተጽፏል።

ወረቀቱ ግርጌ “ዞን 36 ሰሜን፣ ደብሊው ጂ ኤስ 84” የሚል ታገኛላችሁ። እባካችሁ እሱን ቆርጣችሁ እንዳትጥሉ። የስልክ ካርታ የሚሠራው በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው፤ የኬንያ የቆዩ ካርታዎች ግን አርክ 1960 በሚባለው የተሠሩ በመሆናቸው ያንኑ ቁጥር እነሱ ላይ ብትፈልጉ 300 ሜትር ገደማ ትስታላችሁ።

አንዲት ልጅ ከውጭ አገር ደውላ “ቲቸር፣ ቁጥሩን ስልኬ ላይ ብጽፈው በረሃ ላይ ጣለኝ” አለችን። 3 ዲግሪ ከ43 ደቂቃውን 3.43 ብላ ጽፋው ነው። 43 ደቂቃ ከ60 ስለሆነ ትክክለኛው 3.72 አካባቢ ይሆናል፤ ልዩነቱ በሰሜንና ደቡብ በኩል ብቻ ከ30 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከዚያ ወዲህ የችካሉን ቁጥር በሁለቱም አጻጻፍ እናትማለን። ልጅቷም በማግስቱ የግራር ጥላ የሚታይበትን የሳተላይት ምስል ላከችልን፤ የአባቷ ረድፍ ከዚያ በስተ ግራ ነው።

እስካሁን ስማቸውን ማግኘት ያልቻልናቸው መቃብሮች አሉ። በሁለተኛው ረድፍ ከግራሩ ሥር ያሉት ሁለቱ፣ እንዲሁም በላጋው በኩል ድንጋይ ብቻ የቀረባቸው ናቸው። በካርታው ላይ ለጊዜው ቁጥር ብቻ ሰጥተናቸዋል። የቀበራችሁ፣ ወይም ቀብር ላይ የነበራችሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ብቅ በሉ። ስሙን ሙሉ በሙሉ ባታስታውሱት እንኳ የመጣበትን አገርና የተቀበረበትን ጊዜ ንገሩን። ካርታው ሠራተኞች ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ቅጂ ለሚፈልግ ልጆቹ ያትሙለታል።