«ይለፍ» የሚለው ማን ነው?

«የይለፍ ቃል» ስንል፣ «ይለፍ» የምትለዋ ቃል የማን እንደሆነች ብዙ ጊዜ ልብ አንልም። የምትነገረው በሚያልፈው ሰው አይደለም፤ በበሩ ላይ በቆመው ነው። በደርግ ዘመን ከቀበሌው የይለፍ ወረቀት አውጥቶ ኬላ ላይ ለፍተሻ የቆመ ሁሉ ይህን አይዘነጋውም። ወረቀቱ በመንገደኛው እጅ ነበር፤ ፈቃዱ ግን በጠባቂው አፍ።

ይህን ያሳሰበኝ በቶሮንቶ፣ ሬክስዴል፣ በኪፕሊንግ ጎዳና ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ያለ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ባለቤቱ በስደት ያረጁ አንድ አዛውንት ናቸው። ማሽኑ አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም ስለማይችል ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ተጭኖበት፣ ለዓመታት ትዝታቸውን በአማርኛ ሲጽፉበት ኖረዋል። ኋላ ስትሮክ አንደበታቸውንና ቀኝ እጃቸውን ያዘባቸው። የሚነገራቸውን ይረዳሉ፤ መመለስ ግን አይሆንላቸውም። ልጃቸው ጠርታኝ፣ «አባባ የጻፉት ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው፤ የሚከፍተውን ቃል ግን ለማንም አልነገሩም» አለችኝ።

ብዙ ሰው የይለፍ ቃሉ በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ አንድ ስፍራ ተጽፎ የተቀመጠ፣ ባለሙያ ፈልጎ የሚያወጣው ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ሲቲኤስኤስ በተባለው የጋራ ኮምፒውተር ላይ ቃላቱ እንዳሉ ይቀመጡ ነበርና፣ አንድ ቀን በተፈጠረ ስሕተት የተጠቃሚዎቹ ሁሉ ቃል በመግቢያው ማስታወቂያ ፋንታ ለገባው ሁሉ ታየ። ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ ያስረዱት ዘዴ ከዚህ ዓይነቱ ጣጣ ያድናል። ቃሉ ራሱ አይቀመጥም፤ «ጨው» የሚሉት በዕጣ የወጣ ቁጥር ይጨመርበትና ወደ ኋላ በማይመለስ ስሌት ይፈጫል፤ የሚቀመጠው ዱቄቱ ብቻ ነው። በሊኑክስ ዱቄቱ ያለበት ፋይል ስሙ «ሻዶው»፣ ማለትም «ጥላ» ነው። እንግዲህ የአዛውንቱን ቃል ማሽኑም አያውቀውም ነበር።

የሚቻለው የተረሳውን ማግኘት ሳይሆን አዲስ መተካት ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ሺፍት ወይም ኤስኬፕ የሚባለውን ቁልፍ ሲጫኑ ግራብ የተባለው የማስነሻ ዝርዝር ይመጣል። ከዚያ የጥገናውን መንገድ መርጦ «ሩት»፣ ማለትም የበላይ አስተዳዳሪው ወደሚያዝበት ጥቁር ገጽ መግባት ነው። ዲስኩ ለንባብ ብቻ ተከፍቶ ከሆነ ለመጻፍም እንዲፈቅድ ያዙታል፤ ቀጥሎም ቃል የሚቀይረውን ትእዛዝ ከተጠቃሚው ስም ጋር ጽፈው አዲሱን ቃል ሁለት ጊዜ ያስገባሉ። በኡቡንቱ፣ ሩት የራሱ ቃል ካልተሰጠው፣ በዚህ መንገድ ላይ «ማን ነህ?» የሚል የለም። የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

እጄን የያዘኝም ይኸው ቅለቱ ነው። በዚያ በር ልጅ እንደምትገባ ሌባም ይገባል፤ ሰላይም ይገባል። የኛ ትውልድ ሰው ትዝታውን ሲጽፍ የራሱን ብቻ አይጽፍም። ያሳደረውን፣ ድንበር ያሻገረውን፣ የጠቆመበትንም በስም ይጽፋል፤ ከእነዚህም ዛሬ በአገር ቤት በሕይወት ያለ አይጠፋም። አዛውንቱ ቃሉን ያልነገሩት ሳይታሰባቸው ቀርቶ ነው፣ ወይስ እንዳይነበብ ፈልገው? ማሽኑ ይህን አይጠይቅም። ከፊቱ የተቀመጠውን ሁሉ ጌታዬ ይላል።

ስለዚህ ወደ አልጋቸው ቀርቤ፣ «ጋሼ፣ እንዲከፈት ይፈቅዳሉ? ካልፈለጉ ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ፤ ትቼው እሄዳለሁ» አልኋቸው። ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ብዙ ቆይተው ግራ እጃቸውን አነሡና ወደኔ ሳይሆን ወደ ልጃቸው አመለከቱ። ፈቃዱ የርስዋ እንጂ የኔ እንዳልሆነ ገባኝ። ትእዛዙን ጽፌ ወንበሩን ለቀቅሁላት፤ ፊቴንም ወደ መስኮቱ መለስሁ። በዚያ ጥቁር ገጽ ላይ ቃል ሲጻፍ ነጥብ እንኳ አይታይም። ያስገባችው ቃል ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

ጽሑፎቹ ተገኙ። ሁሉም በር ግን አልተከፈተም። ሌሎች የይለፍ ቃላት የሚታቆሩበት የቁልፍ መያዣ የሚፈታው በቀድሞው ቃል ነውና፣ እንደ ተዘጋ ቀርቷል። አዛውንቱ ሉክስ በሚባለው ዘዴ ዲስኩን በሙሉ መሥጥረውት ቢሆን ኖሮ፣ የጻፉት ሁሉ እንዲሁ ከአጠገባችን ሆኖ ለዘለዓለም በተዘጋብን ነበር። ይህን ስል መመሥጠር ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ስም ያለበትን ጽሑፍ የያዘ ሰው ሊያደርገው ይገባል፤ ነገር ግን ከሰላይ የሚሰውረው ቁልፍ ከልጅም ይሰውራል።

በስደት ያለን ሰዎች የዕድሩ መዝገብ፣ የማኅበሩ ሒሳብ፣ ያልታተመው መጽሐፍ፣ ሁሉም በአንድ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ፣ ቁልፉም በዚያው ሰው ራስ ውስጥ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሙዳየ ምጽዋት እንኳ የሚቈጠረው ሰዎች በተሰበሰቡበት ነው። ቃሉን በወረቀት ጽፎ፣ በፖስታ አሽጎ፣ ለሚያምኑት ሰው መስጠት ምንም አያስወጣም። የሚከብደው ማንን «ይለፍ» እንደሚሉ መወሰኑ ነው፤ እርሱንም አንደበት ሳለ ማድረግ ይሻላል።