የሾፌር ዶሴ

ሐኪምና ሾፌር ጎን ለጎን የሚጠሩበት ቦታ ብዙ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ግን አንድ ላይ ይጠራቸዋል። ተራ ሰው በቸልተኝነት ሰው ቢገድል እስራቱ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ነው። የሰው ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ከሆነ ግን ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰራል፤ ከ3 ሺህ እስከ 6 ሺህ ብርም ይቀጣል። ሕጉ ለዚህ ዓይነቱ ሰው ምሳሌ ያደረገው ሐኪሙንና ሾፌሩን ነው። የሐረርጌዋ ጭሮ መናኸሪያ ውስጥ ሐኪሙ «ዶክተር» ይባላል፣ ሾፌሩ «አንተ» ነው። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ችሎት ፊት ሲቆሙ ብቻ ነው።

*

ከገለምሶ፣ ከበዴሳ፣ ከሂርና ጫት ጭኖ የሚወጣውን አይሱዙ ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎታል። ስሙን ያወጣው ሰው ጠርዝ ላይ ቆሞ ሲያልፍ ያየው መሆን አለበት። የሚያስሮጠው ቅጠሉ ነው። ምርቃናውን የሚሰጠው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ጫቱ ሲጠወልግ ይሳሳል፤ በሁለት ቀን ውስጥ ዋጋውም አብሮት ይወርዳል። ስለዚህ ነጋዴው የሚገዛው ጫት ብቻ አይደለም፣ ሰዓትም ይገዛል። ቀድሞ ለደረሰ ጉርሻ አለ፣ ለዘገየ ደግሞ ስድብ።

አንድ ቀን ከጭሮ ወደ ሚኤሶ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ መኪናው ሰው ይገጫል እንበል። ያኔ የዚያው አንቀጽ 543 ሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ ይመዘዛል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ወይም ነጂው ደንቡን እያወቀ ከጣሰ፣ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ጉርሻ የተከፈለበት ፍጥነት የሾፌሩ ማክበጃ ይሆናል። ጉርሻውን የሰጠው ሰው በዶሴው ውስጥ የሚገኘው፣ ከተገኘ፣ «የመኪናው ባለቤት» ተብሎ ነው።

*

መንጃ ፈቃድ ለማውጣት በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 የሚጠየቀው በዋናነት ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ጤንነት፣ ሥልጠናና ፈተና ነው። ፈቃዱን ይዞ ሥራ ሊጠይቅ የሄደ ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ከወንጀል ነጻ የሚል ወረቀት አለህ? ተያዥህ ማነው?

ሕጉን የሚያሳስበው ሰውየው መሪ ጨብጦ የሚሠራው ነው። ባለንብረቱ ደግሞ ከመሪው ወርዶ የሠራውን ማወቅ ይፈልጋል። እውነቱን ለመናገር በባለንብረቱ አልፈርድም። ብዙ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና ከነጭነቱ ለአንድ ሰው አስረክቦ ጅቡቲ የሚልክ ሰው ስለ ሌብነት ቢጠይቅ ነውር የለበትም። የምፈርደው ጥያቄው ማብቂያ ስለሌለው ነው። በ19 ዓመቱ በስርቆት የታሰረ ልጅ 40 ዓመት ሲሞላውም ተያዥ የለውም፤ ደመወዙን ወይም ቤቱን ዋስትና አድርጎ ለእሱ የሚፈርም ሰው ከየት ይመጣል? ይህን እገዳ ያወጀው አካል የለም። ስለዚህ ይግባኝ የሚባልበት ቦታም የለም።

*

የመናኸሪያ ተራ አስከባሪ የትናንት ታሪኩን የሚጠይቀው የለም። ሾፌሩን ግን የሚያዝዘው እሱ ነው።

*

ገበያ በሚውልበት ቀን በመንገድ ዳር ሰው የገጨ ሾፌር ቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይገሰግሳል። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ብቻ አይደለም፣ ሕይወቱን ለማትረፍም ነው። ከዚያ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ የጉማ፣ ማለትም የደም ካሳ፣ ድርድር ይጀመራል። የሾፌሩ ዘመድ ያዋጣል፣ ባለንብረቱም የድርሻውን ይሰጣል። በ2005 የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ፣ ቁጥር 799፣ ለሟች ቤተሰብ የወሰነው ካሳ ከ5 ሺህ እስከ 40 ሺህ ብር ነበር። ለድርድሩ መነሻ እንኳን የማይሆን ገንዘብ ነው።

ጉማው እስኪያልቅ ድረስ ሾፌሩ በዚያ ቀበሌ አያልፍም። በዋስ ተለቆ፣ መንጃ ፈቃዱም ኪሱ ውስጥ ሆኖ ማለት ነው። ካርዱ በመላ ኢትዮጵያ ይሠራል፤ ለእሱ ግን፣ አደጋው አርበረከቴ ላይ ከነበረ፣ ከዚያ ወዲያ አይሠራም። ሌላ መኪና ያለው ባለንብረት ወደ ጅማ ወይም ወደ ወለጋ መስመር ያዞረዋል። አንድ መኪና ብቻ ያለው ያሰናብተዋል።

እርቁ ክሱን አያቆመውም። ችሎቱ ግን ቅጣት ማቅለያ አድርጎ ሊያየው ይችላል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ጉማ ተከፍሎ፣ አብረው በልተው፣ ምርቃት ከወረደ በኋላ ነገሩ አለቀ። ማንሳት ነውር ነው። ሽማግሌዎቹ ለቅጣቱ ማብቂያ ቀን አላቸው፤ የባለንብረቱ ደብተር የለውም።

*

የካቲት 21 ቀን 2008 የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቁመው ነበር። ያስቆጣቸው ጥፋት በነጥብ እየተመዘገበ ሲጠራቀም ፈቃድ የሚያሳጣው ደንብ ነው። መንግሥት ለሦስት ወር አራዘመው። ለእስር ሕግ እንዲህ ያለ አድማ አላስታውስም። ሾፌር ከእስር ይልቅ ካርዱን መነጠቅ ይፈራል ብል ማጋነን አይመስለኝም፤ እስሩ እሱን ብቻ ይወስዳል፣ ካርዱ ግን የቤቱን እንጀራ።

*

ከሚኤሶ ጀምሮ ወደ ድሬዳዋ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ሶማሌ ጠረፍ የሚሄደው መስመር የስደተኛም መስመር ነው። ሌሊት አሥር ልጆች መንገድ ላይ አሳፍሮ የተያዘ ሾፌር «ተሳፋሪ ናቸው ያልኩት» ይላል። አንዳንዱ እውነቱን ነው። ሌላው ታሪፉን ሦስት እጥፍ ሲቀበል ምን እንደጫነ አሳምሮ ያውቅ ነበር። በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 ማጓጓዙንም ወንጀል ያደርገዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ የንግድ ተሽከርካሪውን ለከባድ የሰዎች ንግድ ወንጀል የተጠቀመ ሾፌር የንግድ መንጃ ፈቃዱን ዕድሜ ልክ ያጣል። እኛም የመንጃ ፈቃድ አዋጃችንን ያደስነው በዚያው ዓመት ነበር።

*

ስለ አሜሪካ ከተነሳ አይቀር፣ ለሐረርጌ ልጅ ከሁሉ የሚከፋው ሌላኛው ሕግ ነው። እዚያ የጭነት መኪና የሚነዳ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ጠጥቶ ሲነዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ባለ ንግድ መንጃ ፈቃድ ሾፌር ለአንድ ዓመት ይታገዳል፤ አደገኛ ጭነት ከያዘ ለሦስት። በሁለተኛው ዕድሜ ልክ ነው፣ ሆኖም ከ10 ዓመት በኋላ የመመለሻ ቀዳዳ አለው። ተሽከርካሪን ተጠቅሞ የተከለከለ ዕፅ በማከፋፈል በከባድ ወንጀል ለተፈረደበት ግን ቀዳዳው ተደፍኗል። በግል አውቶሞቢሉ ቢያደርገውም ያው ነው።

ካቲኖን ደግሞ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያች አገር ከሄሮይን ጋር በአንደኛው ሠንጠረዥ ተመድቧል። ያ አይሱዙን የሚያስሮጠው፣ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ይድረስ የሚባልለት ነገር ማለት ነው። በጭሮ ቀረጥ የሚከፈልበት ጭነት ሚኒያፖሊስ ላይ የዕድሜ ልክ እገዳ ነው። አጎት ለሠርግ የሚሆን ጫት አምጣልኝ ብሎ የወንድሙን ልጅ ሲለምን ምን እየጠየቀ እንደሆነ ቢያውቅ ጥሩ ነበር። ልጁም ለአጎቱ «እምቢ» ማለት አልለመደም።

*

የእኛም የወንጀል ሕግ ማብቂያ አስቀምጧል፤ መሰየም ይለዋል። ጽኑ እስራት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት፣ በሌላው ቅጣት ቢያንስ 2 ዓመት በመልካም ጠባይ ከቆየ ማመልከት ይችላል። ከተፈቀደለት ፍርዱ ከመዝገብ ይፋቃል፣ እንዳልነበረም ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ በክፋት ተነሳስቶ የድሮ ፍርዱን የሚያነሳበት ሰው በስም ማጥፋት ሊጠየቅ ይችላል፤ እውነት ነው የተናገርኩት ቢልም አያድነውም። ሽማግሌዎቹ በምርቃት የሚያደርጉትን ሕጉ በወረቀት አድርጎታል።

መሰየምን የሚያውቅ ሾፌር ግን እስካሁን አልገጠመኝም። የሚያውቅ ቢገኝም ማመልከቻው የሚገባው ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ነው። የረጅም መስመር ሾፌር ደግሞ የሚፈረድበት ቤቱ አጠገብ አይደለም፤ አንዱ አዋሽ ላይ፣ አንዱ ድሬዳዋ፣ አንዱ ሚሌ። ፈቃዱ የተሰረዘበት የጭሮ ሰው ሚሌ ወርዶ ለማመልከት ቢነሳ ተሳፍሮ ነው የሚሄደው፣ ሙሉ ታሪፍ ከፍሎ።