የኬልምስኮት ቤት

በእንግሊዝ አገር፥ የቴምዝ ወንዝ ገና ትንሽ ኾኖ በመስክ መካከል በቀስታ በሚወርድበት በኦክስፎርድሺር፥ ኬልምስኮት በሚባል መንደር አንድ የድንጋይ ቤት አለ። የሠሩት ነገሥታት ወይም መኳንንት አይደሉም፤ ተርነር የሚባሉ ባላገሮች በ1600 ዓመት ገደማ (ዘመኑን ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለኹ) ለእርሻ ኑሯቸው አቆሙት። ግድግዳውም ጣራውም ድንጋይ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ድንጋይ ግድግዳ መኾኑ አያስደንቅም፤ ጣራ መኾኑ ግን ያስደንቃል። በዚያው አውራጃ በስቶንስፊልድ ድንጋዩን ከጕድጓድ አውጥተው ርጥበቱ ሳይለቀው በሜዳ ያሰጡት ነበር፤ በብርድ ወራት ውርጩ በውስጡ ያለውን ውሃ ሲያረጋው ድንጋዩ በገዛ እጁ እየተሠነጠቀ ስስ ይኾናል። ይህን የመሰለውን ድንጋይ በእንጨት ችንካር ከማገር ላይ ይሰቅሉታል። በኬልምስኮት ታላላቁ ድንጋይ በክፈፉ ላይ ኾኖ፥ ወደ ጣራው ጫፍ ሲወጣ መጠኑ እያነሰ ይኼዳል። ይህም ለጌጥ ብቻ አይደለም። የዝናቡ ውሃ ከላይ ጥቂት ነው፥ ወደ ታች ሲወርድ ይበዛል፤ ድንጋዩም ሲተልቅ መጋጠሚያው ይቀንሳልና ውሃው በሚበዛበት ስፍራ የሚሰርግበት መንገድ ያንሳል። ጥቅምና ውበት እንዲህ ሳይጣሉ አብረው የተቀመጡበት ሥራ ጥቂት አውቃለኹ።

ባለቅኔውና የእጅ ጥበብ ዐዋቂው ዊልያም ሞሪስ ይህን ቤት በ1871 ከሠዓሊው ከሮሴቲ ጋር ተከራየ፤ ሮሴቲ በ1874 ሲኼድ እርሱ ግን በ1896 እስኪሞት ድረስ አልለቀቀውም። በላይኛው ቤት ካሉት ክፍሎች አንዱ የመስፍኑ የሶምሶን ታሪክ በክር በተሠራበት አሮጌ መጋረጃ የተከበበ ነው። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ሞሪስ ግን በመደብዘዙ ያማረ ይመስለው ነበር።

በ1877 የቴውክስበሪ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ሊታደስ መኾኑን ሰምቶ በጋዜጣ ተቃወመ፤ በዚያው ዓመትም ከወዳጆቹ ጋር የጥንት ሕንፃዎች ጠባቂ ማኅበርን አቋቋመ። የዚያ ዘመን አዳሾች አሮጌውን ልስን ፍቀው፥ በኋላ ዘመን የተጨመረውን አፍርሰው፥ ሕንፃውን መዠመሪያ ነበረው ብለው ወደሚያስቡት መልክ ይመልሱት ነበር። ሞሪስ ግን የሚያፈስሰውን ጣራ መክደን፥ የዘመመውን ግድግዳ መደገፍ ይበቃል፤ ከዚያ የሚያልፈው አሮጌውን አጥፍቶ አዲሱን አሮጌ ማስመሰል ነው ይል ነበር።

እኔም በዚህ ከሞሪስ ጋር ነኝ፤ ዳሩ ግን አንድ ነገር ይከብደኛል። እርሱ የለንደን ነዋሪ ነበርና ወደዚህ የሚመጣው ለዕረፍት ነው። የወለል ርጥበትን በእንግድነት መታገሥና የብርዱን ወራት ኹሉ ከሕፃናት ጋር መታገሥ አንድ አይደለም። አሮጌ ቤት እንዳይነካ የሚከራከር ሰው በውስጡ የሚያድረውን፥ በአሮጌ ቤተ ክርስቲያንም ቆሞ የሚጸልየውን ሳይጠይቅ ቢቀር ክርክሩ ጐደሎ ነው።

ቤቱ ከ1962 ዠምሮ በለንደን የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪዎች ማኅበር እጅ ነው፤ ብዙ ጥገና ተደርጎለት በ1922 ሳይኾን በእኛ ዘመን በ2022 ለጐብኚዎች ዳግመኛ ተከፈተ። ሞሪስ የተቀበረው በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው። ወዳጁ የሕንፃ ነዳፊው ፊሊፕ ዌብ የመቃብሩን ድንጋይ በቤት ጣራ አምሳል ሠራለት።