በሀዋርድ ግቢ ያየሁት

ዋሽንግተን ዲሲ የደረሰ ሐበሻ ብዙውን ጊዜ ከዘጠነኛው ጎዳና አያልፍም። ክትፎው እዚያ ነው፤ ወዳጅ ዘመዱም እዚያ ነው። ከዚያ በጆርጂያ አቬኑ ሽቅብ ትንሽ ቢራመድ ግን ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲን ያገኛል። እኔም ወጣሁ፤ ልቤም እዚያው ቀረ።

ሀዋርድ የተመሠረተው ጥቁር አሜሪካውያን ከባርነት በወጡ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1867 ነው። ከሰፊው መስክ በላይ በ1939 የተከፈተው የፋውንደርስ ቤተ መጻሕፍት የሰዓት ማማ ይታያል። ያማረ ግቢ ነው። እኔን የማረከኝ ግን ልጆቹ የሚሠሩት ሥራ ነው።

የዩኒቨርሲቲው የጸሎት ቤት፣ ራንኪን ቻፕል፣ «አልተርኔቲቭ ስፕሪንግ ብሬክ» የሚባል መርሐ ግብር አለው። በመጋቢት ግድም ዕረፍት ሲሆን ስንቱ የአሜሪካ ተማሪ ወደ ባሕር ዳርቻ ይጎርፋል። እነዚህ ግን ሻንጣቸውን ሸክፈው ጥቁሮች ወደሚበዙባቸው፣ ችግር ወደጠናባቸው ከተሞች ይሄዳሉ። የካትሪና አውሎ ነፋስ ያፈራረሳትን ኒው ኦርሊንስን ለማቅናት ወርደዋል፤ በዲትሮይትና በቺካጎ ከሕፃናት ጋር ውለዋል፤ የቧንቧ ውሃዋ በእርሳስ የተበከለባትን ፍሊንትንም አልዘለሏትም።

ቡድኖቹን የሚመሩት ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው። የመሪነት ሥልጠና ሲባል እኛ የለመድነው አዳራሽ ተቀምጦ መስማትን፣ በመጨረሻም የምስክር ወረቀት መቀበልን ነው። እዚህ ግን ገና ሃያ ዓመት የሞላት ልጅ የእኩዮቿን መኝታ፣ መጓጓዣና ድካም ተሸክማ፣ የማታውቃቸውን አረጋውያን ደጅ ታንኳኳለች። እኔ እስካሁን ካየኋቸው የመሪነት ትምህርቶች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ይህ ለተቸገረ የመድረስ ልማድ እኛን ኢትዮጵያውያንንም ነክቶናል። ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ ከ1922 ጀምሮ እዚህ የአፍሪካን የጥንት ታሪክ ያስተምር ነበር፤ ናይጄሪያዊው ናምዲ አዚኪዌም ከተማሪዎቹ አንዱ ነበር። የእኛው መላኩ በያን ደግሞ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማረ። በ1934 የኢትዮጵያ ምርምር ምክር ቤት ሲቋቋም ሃንስቤሪና መላኩ ነበሩበት። ጣልያን ሲወረን ዶክተር መላኩ ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ እንዲያስተባብር ተላከ፤ በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋመ። በ1940፣ ገና በ40 ዓመቱ፣ አገሩ ነጻ ስትወጣ ሳያይ አረፈ። ያኔ ስለማያውቋት አገር ገንዘባቸውን ያዋጡ ጥቁር አሜሪካውያን ውለታ አለብን፤ ይህን በቅጡ የምናስታውሰው ግን ጥቂቶች ነን።

በአሜሪካ ልጅ የምታሳድጉ ወገኖቼ፣ የመላኩን ታሪክ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ዩኒቨርሲቲ የሚመርጡበት ጊዜ ሲደርስም ሀዋርድን ሳታሳዩአቸው አትለፉ።