ከፈረሶቹ ኮቴ ሥር

አንባቢ ሆይ፤ እንጅባራን በዓይንህ ባታያት እንኳ ጥር 23 ቀን በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ስሟን ሳትሰማ አትቀርም። እንግዳ ሁሉ ያን ጊዜ ይመጣል፤ ፈረሶቹን አይቶ ይመለሳል። እኔ ግን የዚሁ አገር መምህር ነኝና በሐምሌ እንድትመጣ እመክርሃለሁ።

ከዳንግላ ተነሥተህ አዲስ ቅዳምን ስታልፍ፥ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ግራና ቀኝ ያጅብሃል። እንጅባራ ስትደርስ ደግሞ ዝናብ የጠገበ መስክ ታያለህ። ሲመሽ ከዚያ መስክ የእንቁራሪት ድምፅ ይነሣል። አንድ ምሽት ቆመን ስናዳምጥ ከተማሪዎቼ አንዱ፥ «መምህር፥ በእኛ አገር ብቻ የሚገኝ እንቁራሪት አለ?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አጥቼ አፈርሁ። ቤቴ ገብቼ መጻሕፍት አገላበጥሁ።

ለካስ አለ! እንግሊዛዊው የእንስሳት ሊቅ ማልኮም ላርገን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም.፥ አንዲት የጎጃም እንቁራሪት ለሳይንስ አስተዋውቋል። ስሟ ሌፕቶፔሊስ ያልደኒ ይባላል። ዘመዶቿ የዛፍ እንቁራሪቶች ሲባሉ፥ እርሷ የደጋ ሣር ኗሪ ናት። የዚህ ወገን እንቁራሪቶች እንቁላላቸውን የሚቀብሩት በውኃ ዳር እርጥብ አፈር ውስጥ ነው።

ይኸው ሰው ከ12 ዓመት በኋላ፥ ከአሜሪካዊው ሮበርት ድሩስ ጋር ሆኖ፥ ከባሌ ሐረና ደን የባሰ ድንቅ አመጣ፤ ባሌብሬቪሴፕስ ሂልማኒን። ገላዋ ክብ፥ ራሷ አጭር ነው፤ ከመዝለል ይልቅ አፈር ውስጥ መሸሸግ ይቀናታል። በወገኗ ብቸኛ ናት። 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፥ አስታ ከሚበዛበት ከዚያ ደን በቀር በዓለም ሌላ ቤት የላትም። ማገዶ ቆረጣና የከብት ግጦሽ ይህንኑ ቤቷን ስላጠበቡባት፥ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት እንስሳት መካከል ተቆጥራለች።

እንግዲህ ልብ በል። ወፍ ዛፉ ቢቆረጥበት በርሮ ሌላ ይፈልጋል። አፈር ቤቱ የሆነ ፍጡር ግን ከአፈሩ ጋር ይጠፋል። የእኛም መስክ ሲታረስ፥ ረግረጉም ሲደርቅ ነገሩ ያው ነው።

በማግስቱ ያን ተማሪ ጠርቼ ይህን ሁሉ ነገርሁት። ጥቂት ዝም አለና፥ «ታዲያ ሁለቱም የተጠሩት በፈረንጅ ስም ነው፤ እኛ የት ነበርን?» አለኝ።

ጥያቄው ዛሬም ከእኔ ጋር ነው፤ ላንተም አካፍልሃለሁ። በሐምሌ ስትመጣ ደብተርህን ያዝ፤ ፈረሶቹ የሚጋልቡበትንም ሣር ጎንበስ ብለህ ተመልከት።