አቦልን ፍለጋ በየዳ

ከደባርቅ ተነሥቶ ጨነቅን ያለፈ መኪና ቧሒት አፋፍ ላይ የሚደርሰው እያቃሰተ ነው። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው፤ ከሥር የመሸሃ ሸለቆ፣ ማዶ በየዳ፣ ከሁሉም በላይ ራስ ደጀን። በልጅነታችን 4,620 ሜትር ብለን የሸመደድነው ተራራ በአዳዲሶቹ ልኬቶች ወደ 4,550 ገደማ ወርዷል፤ ቅር ያለን እኛ እንጂ እሱስ ምን ተዳው። መንገደኛው ሁሉ ለእሱ ይመጣል። እኔን ያመጣኝ የበየዳ ሰማይ ነው።

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ አገሮች ለአንዳንድ ኮከብና ፕላኔት ያወጡትን ስም ይፋ አደረገ። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኤችዲ 16175 የሚባል ኮከብ ነበር። ኮከቡ ቡና፣ የሚዞረው ፕላኔት አቦል ተባሉ። እኔን ከስሙ ይልቅ የማረከኝ ሰፈሩ ነው፤ ኮከቡ ያለው አንድሮሜዳ በሚባለው ኅብረ ኮከብ ውስጥ ነው፤ አንድሮሜዳ ደግሞ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት።

አቦልን በዓይኑ ያየ ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ2009 መገኘቱ ሲገለጥ፣ ካሊፎርኒያ በሚገኘው ሊክ ኦብዘርቫቶሪ የተመዘገበው የኮከቡ መወዛወዝ ነበር፤ ፕላኔቱ በስበቱ ወዲያና ወዲህ ሲጎትተው የብርሃኑ ሞገድ በጥቂቱ ይሳሳባል፣ ይጨማደዳል። የቀረው ሂሳብ ነው። ክብደቱ ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ፣ አንድ ዙሩ ወደ 990 ቀን፣ ምሕዋሩ እጅግ የሾጠጠ። ሲቀርብ ቬነስ ለፀሐይ የምትቀርበውን ያህል ተጠግቶ ይግላል፤ ሲርቅ ከማርስ ርቀት አልፎ ይሄዳል፤ ጨረቃዎች ካሉት ውኃቸው ያን ጊዜ እንደ አለት ይጠጥራል። እሱ ራሱ ግን ጋዝ ነው፤ እግር የሚያርፍበት መሬት የለውም።

ብርድ ብቻ ለሚፈልግ ሌላ አለች። እ.ኤ.አ. በ2006 መገኘቷ የተነገረው፣ ከምድር አምስት እጥፍ ተኩል ያህል የምትከብደው ፕላኔት ቅዝቃዜዋ ከዜሮ በታች 220 ዲግሪ ገደማ፣ ርቀቷም ወደ 20,000 የብርሃን ዓመት ይገመታል። ስሟ ግን የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፤ ልቤ አልሄደላትም።

የበየዳ ብርድም ቢሆን የዋዛ አይደለም። ሌሊቱን እርጥቡ አፈር ውስጥ ቀጫጭን የበረዶ ዘንጎች ይበቅላሉ፤ አፈሩን ጣት በማይሞላ ከፍታ አንሥተው ይቆማሉ፤ ጠዋት ሲረግጡት ከጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ፀሐይ ስትወጣ ጭቃ ነው።

ምሽት ሁለት ሰዓት አልፎ ጋቢ ደርቤ ወጣሁ። ፊቴን ወደ ሰሜን አዙሬ ቀና ስል አልማክ የምትባለውን የአንድሮሜዳ ኮከብ፣ ከእሷ በስተ ምሥራቅ አልጎልን ለየሁ። ቡና ያለው በሁለቱ መካከል፣ እኩሌታው ላይ ነው፤ ያለ ባይኖኩላር አይታይም። እጄ አልረጋ ቢለኝ ክርኔን ካቡ ላይ ተከልኩ። አገኘሁት! ደቃቅ ነጥብ ናት፤ እንዲያው ልቤን ግን ሞላችው። ብርሃኗ መንገድ የጀመረው ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ይህን ሰሜንን ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ይገዙት በነበረበት ዘመን፣ ደጃች ካሣ እዚሁ ጎረቤት ጃናሞራ፣ ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ሳይጭኑ።

ያሳደሩኝ አባት አጠገቤ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ልጄ፣ እዚያ ሰው አለበት?» አሉኝ።

«የለም፣ አባቴ።»

«ከብትስ?»

«እሱም የለ።»

«ታዲያ ለማን ብሎ ይዞራል!» ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ለማየት የሚነሣ ካለ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ክረምት በጉም ስለሚጋረድ አይሞከርም። ጨረቃ የሌለችበትን ምሽት መምረጥ ነው፤ ተራ ባይኖኩላር ይበቃል። ጓንት ግን ከደባርቅ ገዝቶ መነሣት ነው።