ለእድሩ መዝገብ የሚሆን ብዕር

ቆላ ድባ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ታናሽ ወንድሜ ከጀርመን ደወለ። ለፋሲካ ሲመጣ የቀለም ብዕር ሊያመጣልኝ ቆርጧል። የእድራችን ጸሐፊ መሆኔንና ለፊደል ነገር ግድ እንደሚለኝ ያውቃል። የሁለት ብዕሮች ፎቶ ልኮልኛል፤ ሁለቱም ሃይደልበርግ የሚሠሩ የላሚ ብዕሮች ናቸው። አንደኛው ሳፋሪ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ለተማሪ ታስቦ የወጣ፣ አካሉ ፕላስቲክ፣ ጫፉ ብረት። ሌላው ላሚ 2000 ነው፤ ስሙ የቅርብ ቢያስመስለውም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ ጫፉ 14 ካራት ወርቅ። ዋጋቸው ወደ አሥር እጥፍ ይራራቃል።

«ጋሼ፣ ትልቁን ልግዛልህ፤ ዕድሜ ልክህን ትጽፍበታለህ» አለኝ። ላስብበት አልሁት።

ጥር 5

ወርቁ ለምን እንደሚያስፈልግ ሳሰላስል ዋልሁ። ወረቀቱን የሚነካው ወርቁ አይደለም። በሁለቱም ብዕሮች ጫፍ ላይ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ጠንካራ የብረታ ብረት ቅይጥ ተበይዷል፤ የሚጽፈው እሱ ነው። ወርቅ ድሮ የተመረጠው በምክንያት ነበር። የጥንቱ ቀለም አሲድ ስላለበት ተራውን ብረት እየበላ ይጨርሰው ነበር፤ ወርቅን ግን አይደፍርም። የማይዝግ ብረት ከመጣ በኋላ ያ ምክንያት ቀረ። ዛሬ ለወርቁ የሚከፈለው ገንዘብ ለእጅ ምቾትና ለክብር ነው።

ውድየው ምንም ብልጫ የለውም ማለቴ አይደለም። ኋላውን ሲያዞሩት ቀለሙን ከጠርሙሱ በቀጥታ ወደ ሆዱ ይስባል፤ ከሳፋሪው የበለጠም ይይዛል። ቅርጹም ያምራል፤ ከስድሳ ዓመት ገደማ በፊት የተነደፈ አይመስልም። ለቢሮ ሰው፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ለራሱ ብቻ ለሚጽፍ፣ ቢገዛው አልፈርድበትም።

ጥር 8

ዛሬ ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ መዝገቡን ይዤ ተቀመጥሁ። የመጣው እድርተኛ ሁሉ በስሙ ትይዩ ይፈርማል፤ የሚፈርመውም ከእጄ በሚቀበለው ብዕር ነው። አብዛኛው ሰው የለመደው እስክሪብቶ ስለሆነ ጫን አድርጎ ይጽፋል። አንድ አባት ሲፈርሙ ወረቀቱ ከሥሩ እስኪጎደጎድ ነበር የተጫኑት። የቀለም ብዕር እንዲህ ያለውን ጫና አይወድም፤ ጫፉ ይከፈታል፣ ለስላሳው ወርቅ ደግሞ ቶሎ ይጣመማል። የሳፋሪው ጫፍ ቢበላሽ በእጅ ተስቦ ይወጣና ሌላ ይገባለታል፤ ጫፉ ብቻውን ይሸጣል።

ከሁሉ በላይ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ሐዘን ለመድረስ የመጣን ሰው ብዕሬን አልሰጥህም ማለት አይሆንልኝም። ሰጥቼም እጁን በዓይኔ ስከተል መቀመጥ አልፈልግም።

ጥር 14

ጥምቀቱ እንዳለፈ የኔታ ዘንድ ሄድሁ። ዛሬም ብራና ይጽፋሉ። ደጃቸው ላይ የሽንብራ እሸት ቀርቦ ነበር፤ እየፈለፈልን ስለ ብዕር ተጫወትን።

«የኔታ፣ መቃውን ሲቀርጹት ቢያሳዩኝ» አልኋቸው።

አንድ አጭር መቃ አነሡና በሰንጢ አግድም ሰየፍ አድርገው ቆረጡት፤ ጫፉን ጠፍጣፋ አደረጉ፣ መሐሉን በስሱ ሰነጠቁት። መቃው ቀንድ ውስጥ ካለው ቀለም ሲነከር፣ ቀለሙ በዚያች ስንጥቅ ይወርዳል። የወንድሜ ብዕሮችም፣ ወርቁም ብረቱም፣ መሐላቸው የተሰነጠቀው ለዚሁ ሥራ ነው። ከዚያ «በ» ጻፉ፤ ሁለቱ እግሮች ወፍራምና ጥቁር፣ ከላይ የሚያገናኛቸው መስመር ቀጭን። እጃቸው አልጠበቀም፣ አልላላም። ውፍረቱንና ቅጥነቱን የሚሰጠው የመቃው አቆራረጥ ነው።

«ለንጉሥ ቢጻፍም ለድሃ ዳዊት ቢጻፍም መቃው አንድ ነው፤ የሚለየው ብራናውና እጁ ነው» አሉኝ።

ማታ በስልኬ የጎንደር ዘመን መጻሕፍትን ፎቶ ሳገላብጥ ነገራቸው ፊት ለፊት መጣብኝ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ሰብስበው መቅደላ ያስቀመጧቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር የዘረፋቸው መጻሕፍት ዛሬ 350 ያህሉ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ከእነሱ መሐል በጉልሕ ፊደል የተጻፉት ቅንጦታቸው ግልጽ ነው፤ ብራናው ሰፊ፣ ኅዳጉ ባዶ የተተወ፣ ፊደሉ ከሩቅ የሚነበብ። የቆዳውንና የቦታውን ብዛት ሳይሰስቱ ለፊደሉ ሰጥተውታል። የተጻፈበት ብዕር ግን ከወንዝ ዳር የተቆረጠ መቃ ነው። እነዚህን መጻሕፍት ከተጻፉበት አገር ሆኜ በስልክ ማየቴ ያንገበግበኛል፤ ብዙ ጊዜ ፎቶውን ከፍቼ መልሼ እዘጋዋለሁ።

ጥር 16

ለወንድሜ ጻፍሁለት። ሳፋሪውን፣ ግን 1.1 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው ጠፍጣፋ ጫፍ ጋር። የተለመደው ብዕር ጫፉ ክብ ስለሆነ ወደ ታችም ወደ ጎንም እኩል መስመር ያወጣል፤ የእኛ ፊደል በዚያ ሲጻፍ ይከሳል። ጠፍጣፋው እንደ የኔታ መቃ እግሩን አወፍሮ አግዳሚውን ያቀጥናል። ለፊደሌ የሚስማማው ጫፍ በርካሹ ብዕር ላይ ይገኛል፤ ላሚ 2000 ከነጠፍጣፋው ጫፍ አይሸጥም። ይህ ነገሩን ቆረጠው።

ለተራ ደብተር የሚሆን ቀጭን ጫፍም ይጨምርልኝ ብያለሁ።

የካቲት 2

ወንድሜ ተስማማ፤ የተረፈውን ገንዘብ ምን ላድርገው አለ። ቀለምና ወረቀት አልሁት። የኔታ ከጥቀርሻና ከሙጫ የሚያዘጋጁት ቀለም ለእንዲህ ያለው ብዕር አይሆንም፤ ይረጋና መተላለፊያውን ይደፍነዋል። ሰማያዊው የተማሪ ቀለም ደግሞ ውሃ ሲነካው ይለቃል፤ የእድሩ ዕቃ ቤት ጣሪያ ክረምት ላይ ያንጠባጥባል። ስለዚህ ፔሊካን 4001 ጥቁር ሰማያዊውን እንዲፈልግ ነገርሁት፤ ብረት ያለበት ስለሆነ ሲደርቅ ይጠቁራል፣ ውሃም በቀላሉ አያጠፋውም። ትንሽ አሲድነት ስላለው ብዕሩን በየጊዜው በውሃ ማጠብ ይፈልጋል። አውሮፕላን ላይ የታመቀው አየር ሰፍቶ ቀለሙን እንዳይገፋው ብዕሩን ባዶውን ይያዘው።

የገንዘብ መቀበያ ደረሰኙ በካርቦን ስለሚገለበጥ በእስክሪብቶ ይቀጥላል።

ለመዝገቡ ቀለም ወደ ጀርባ የማያሳልፍ ወፍራም ወረቀት ያስፈልገናል። የእድሩ ሊቀ መንበር ፈቅደዋል፤ ጎንደር ስወጣ ጠርዙ በጨርቅ የተጠረዘ ትልቅ መዝገብ እገዛለሁ። ከግንቦት ጀምሮ የአባላቱ ስም ከነቤተሰባቸው እንደ አዲስ ይገለበጣል፤ የሞቱት ስምም አይዘለልም።